የሸሚዝ ቁልፍ በእንግሊዝኛ እንዴት ይፈታል?

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱቄ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሙሉ ልብስ እሰፋለሁ፣ አጠባለሁ፣ አሳጥራለሁ። ከደንበኞቼ መሃል አማርኛ የማይሰሙ አሉ። ለሠርግ ከውጭ የሚመጡ ልጆች፣ ለስብሰባ መጥተው ሱሪ የሚያሳጥሩ እንግዶች። ለእነሱ ስል አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ጠንቅቄ ያዝኩ፦ «አንዱ»። እዚህ ሰፈር ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ክሊኒክ ለምትሠሩ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

በፊደላችን ሲጻፍ ከራሳችን «አንዱ» ጋር አንድ ሆነ። አነጋገሩ ግን ይለያል። መጨረሻው ላይ ረገጥ፣ ሳብ ይደረጋል፦ አን፣ ዱው። ትርጉሙ የታሰረን፣ የተቆለፈን፣ የተቋጠረን ነገር መፍታት ነው።

ቃሉን የተማርኩት ከአንድ ሽማግሌ እንግዳ ነው። ኮት ሊያሰፉ መጥተው አንገታቸውን ልለካ ፈለግኩ። የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል። በኛ ቋንቋ «ቁልፍ» የሸሚዙም ነው፣ የበሩም ነው፣ በሩ የሚከፈትበትም ነው። እኔም የማውቀውን «ኪይ» አልኳቸው። «ኦፕን ኪይ፣ ፕሊስ»። ሰውዬው ኪሳቸውን ዳበሱና የሆቴል ክፍላቸውን ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። በጣቴ አንገታቸውን ሳሳያቸው ገባቸው። ሊፈቱት ሞከሩ፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ቁልፏ ትንሽ፣ ቀዳዳዋ ጠባብ ነበረች። ሁለቴ ሞከሩ። ከዚያ ቀና ብለው «ኩድ ዩ አንዱ ኢት ፎር ሚ?» አሉኝ። «ትፈታልኛለህ?» ማለታቸው ነው። በአውራ ጣቴ ጠርዟን ይዤ፣ አዘንበል አድርጌ በቀዳዳዋ አሾለክኳት። በረጅሙ ተነፈሱ። ያን ቀን ማታ ቃሏን ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ሸሚዝ ብቻ አይደለም። ዚፕ፣ ቀበቶ፣ ከረባት፣ የጫማ ክር፣ መንጠቆ፣ ቋጠሮ፣ ሁሉንም በዚችው ቃል መፍታት ይቻላል። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም አለው። ለቁልፍ «አንበተን»፣ ለዚፕ «አንዚፕ»፣ ለክርና ለቋጠሮ «አንታይ»፣ ለቀበቶ ዘለበት «አንበክል»። አውሮፕላን ውስጥ የምትሰሙት «አንፋስን» ደግሞ አለ፤ እሱ ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ት» አለው፣ ሲነገር ግን አይሰማም፣ ልክ እንደ «ሊስን»። እነዚህን ቀስ ብላችሁ ልመዱ። እስከዚያው «አንዱ» ሁሉንም ይሸፍንላችኋል። ማንም ፈረንጅ ሰምቶ ግር አይለውም።

ሱቅ ውስጥ የምጠቀምባቸው ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው። «ኩድ ዩ አንዱ ዘ ቶፕ በተን፣ ፕሊስ?» የላይኛውን ቁልፍ ይፍቱልኝ። «ፕሊስ አንዱ ዩር ጃኬት።» ጃኬትዎን ይፍቱት። እዚህ ላይ አደራ። «አንዱ» መፍታት እንጂ ማውለቅ አይደለም። ጃኬቱ ተፈቶ ሰውየው እንደለበሰው ነው። እንዲወልቅ ከፈለጋችሁ «ቴክ ኦፍ» ነው። ሁለቱን ማምታታት ሰው ያሳፍራል፣ በተለይ ሴት ደንበኛ ፊት። እኔ ለሴት ልብስ ልኬቱንም ንግግሩንም ለባለቤቴ ነው የምተወው።

ያለፈ ጊዜ ሲሆን ይቀየራል። ትናንት ፈታሁት ለማለት «አንዲድ» ነው፦ «አይ አንዲድ ዘ ኖት»፣ ቋጠሮውን ፈታሁት። «ሃቭ» ሲቀድመው «አንደን» ይሆናል። እሱ ይፈታል ስትሉ «አንደዝ» በሉ፣ «አንዱዝ» አይባልም። በጣም የምወደው ግን «ከም አንደን» ነው። ማንም ሳይነካው በራሱ ሲፈታ ማለት ነው፣ ልክ የኛ «ተፈታ»። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ፈረንጅ የጫማ ክሩ ተፈቶ አስፋልት ሲጠርግ አይቼ «ዩር ሌስ ሃዝ ከም አንደን» አልኩት። ወዲያው በርከክ ብሎ አሰረና አመሰገነኝ። ያ ሰልፍ ሲንቀሳቀስ ግፊያው ከባድ ነው፤ ባልነግረው ክሩን ረግጦበት የሚጥለው ሰው አይጠፋም ነበር።

ትልቁ ወጥመድ ያለው እኛው «ፈታ» ውስጥ ነው። አማርኛችን በዚህ ቃል ሀብታም ነው። ክር ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ፆም ይፈታል፣ ትዳርም ይፈታል። ቄስም «እግዚአብሔር ይፍታ» ይላሉ። እንግሊዝኛ ግን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው። እስረኛ «ሪሊዝ» ይደረጋል። እንቆቅልሽና የሒሳብ ጥያቄ «ሶልቭ» ነው። ሕልም «ኢንተርፕሬት»፣ ፆም «ብሬክ»፣ ትዳር «ዳይቮርስ»። «ሚስቱን ፈታ» ለማለት «አንዲድ ሂዝ ዋይፍ» ብትሉ ሰሚው ሌላ ነገር ነው የሚረዳው፤ ሴትዮዋን አጠፋት፣ አበላሻት ወደማለት ይሄዳል።

ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ ደግሞ አንድ ቀን «ጋሼ፣ የቤት ሥራዬን አልሠራሁም ለማለት አይ አንዱ ማይ ሆምወርክ ይባላል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አይባልም። «አን» ቅጽል ላይ ሲገባ «አይደለም» ማለት ነው፦ «አንሃፒ»፣ ደስተኛ ያልሆነ። እንዲህ ዓይነት ግስ ላይ ሲገባ ግን የተደረገውን ወደኋላ ይመልሳል። ሁለቱ በድሮው እንግሊዝኛም ምንጫቸው የተለያየ ነው። የቤት ሥራን «አንዱ» ማድረግ ሠርቶ ማፍረስ እንጂ አለመሥራት አይደለም። «አንደን» ግን ሁለቱንም ይሆናል። «ሌፍት አንደን» ሲባል ሳይሠራ ቀረ ነው። ስለ ሱሪ ነው ስለ ሥራ፣ ወሬውን አይታችሁ ትለያላችሁ።

ልጁን ያስረዳሁት በመርፌ ነው። ያበላሸው እጅጌ ነበር፣ ስፌቱ ጠሞ። መቀሱን ሰጠሁትና «ተርትረው» አልኩት። ክሩን በየሦስት ጥልፉ ቆረጠ፣ ጨርቁን ቀስ ብሎ ሳበ፣ ሁለቱ ቁራጭ ተለያየ። መተርተርም «አንዱ» ነው፦ «አንዱ ዘ ስቲችስ»። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል እና ዜድ ስትጫኑ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ በአማርኛ «ቀልብስ» ብለው የተረጎሙት። ልዩነቱ ጨርቅ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። ስለዚህ ሱፍ ከሆነ ከተረተራችሁ በኋላ እርጥብ ጨርቅ ደርባችሁ በእንፋሎት ተኩሱት፤ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ይደፈናል። ሐርና ቆዳ ላይ ግን አይደፈንም፤ እዚያ ከመስፋታችሁ በፊት ሁለቴ ለኩ።