ገጹ እምቢ አለ፤ ተዘግቶ ነው ወይስ ተበላሽቶ?

አንድ ድረ ገጽ አልከፍት ሲል መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ዘጉት!» ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሰርቨሩ (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ወድቆ ወይም የራሳችን ስልክ አመል አውጥቶ ነው። እኔ ራሴ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳንሱርን ስረግም ውዬ፣ ጥፋቱ የላፕቶፔ ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ቀኑ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር። ሌሎች ገጾች ይከፍታሉ? እነሱም እምቢ ካሉ ችግሩ ኢንተርኔቱ ነው። ከከፈቱ ዋይፋዩን አጥፉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ። በዳታ ከሠራ፣ የያዘው የዋይፋዩ ባለቤት፣ ለምሳሌ የመሥሪያ ቤታችሁ፣ ገጽ ማገጃ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሌላ አገር ያለ ሰው ይክፈተው። እሱም ጋ ካልሠራ ሰርቨሩ ነውና ጠብቁ። እሱ ጋ እየሠራ እናንተ ጋ በሁሉም መስመር እምቢ ካለ፣ አሁን መጠርጠር ይቻላል። የስህተቱን መልእክት ልብ ብላችሁ አንብቡ።

«አድራሻው አልተገኘም» ካለ ወይም ያልጠበቃችሁት ገጽ ከመጣ

ተጠርጣሪው ዲኤንኤስ ነው፤ የገጹን ስም ወደ አይፒ ቁጥር (ሰርቨሩ በኢንተርኔት ላይ ወዳለው አድራሻ) የሚቀይረው ማውጫ። ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍታችሁ «ኤንኤስሉክአፕ» (nslookup) በሚለው ትእዛዝ የገጹን ስም ጠይቁ። ከዚያ መጨረሻው ላይ 8.8.8.8 (የጉግል ዲኤንኤስ ቁጥር) ጨምራችሁ ድገሙት። የመጀመሪያው መልስ 127.0.0.1 ከሆነ ተዋሽታችኋል፤ ይህ የራሳችሁ ማሽን አድራሻ ነው። ሁለቱ መልሶች ስለተለያዩ ብቻ ግን አትፍረዱ። ትልልቅ ገጾች እንደየቦታው የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ።

መፍትሄው ብራውዘሩ ላይ የተመሰጠረ (መሃል ያለ ሰው እንዳያነበው የተቆለፈ) ዲኤንኤስ ማብራት ነው። ቁጥሩን ወደ 8.8.8.8 መቀየር ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ ጥያቄው ሳይመሰጠር ስለሚሄድ መሃል ላይ ያለ ሰው ሐሰተኛ መልስ ቀድሞ ሊልክ ይችላል።

ወዲያው «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ካለ

ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ከገጹ ጋር ያላችሁን ግንኙነት የሚመሰጥረው ዘዴ፣ የምታነቡትን ይሸፍናል። የገጹ ስም ግን ግንኙነቱ ሲጀመር ብዙውን ጊዜ ራቁቱን ያልፋል። መንገድ ላይ ያለው ማጣሪያ ስሙን ሲያይ የማቋረጫ ምልክት ይልካል፤ ብራውዘራችሁም ሰርቨሩ የዘጋው ይመስለዋል። እዚህ ዲኤንኤስ መቀየር አያድናችሁም። ግንኙነታችሁን መስጥሮ በሌላ ቦታ በኩል የሚያሳልፍ ቪፒኤን ወይም ቶር ያስፈልጋል። አብሩና ክፈቱ፣ አጥፉና ድገሙ፤ በተለያየ ሰዓት ደጋግማችሁ ውጤቱ ያው ከሆነ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው።

ዝም ብሎ ከተሽከረከረ

ይሄኛው አስቸጋሪ ነው። አይፒው ታግዶ ሊሆን ይችላል፣ ሆን ተብሎ ፍጥነቱ ተቀንሶም ሊሆን ይችላል፣ ሰርቨሩ ተጨናንቆም ሊሆን ይችላል። አይፒ ሲታገድ ያንኑ ቁጥር የሚጋሩ ምንም ያላጠፉ ገጾችም አብረው ይታገዳሉ። በአንድ ሙከራ አትወስኑ።

403 ወይም 451 ከመጣ

እነዚህ የስህተት ቁጥሮች ናቸው። 403 «መግባት ተከልክሏል» ማለት ነው፤ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የከለከላችሁ ገጹ ራሱ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ከተወሰኑ አገሮች የሚመጣ ሰው አያስገቡም። ይህም በቪፒኤን ይከፈታል! ስለዚህ «በቪፒኤን ሠራ» ማለት ብቻውን መንግሥት ዘጋው ማለት አይደለም። 451 እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የጸደቀ ቁጥር ነው፤ «በሕጋዊ ምክንያት አይታይም» ማለት ነው። እንዲህ በግልጽ የሚናገር ማገጃ ግን ብርቅ ነው።

የሰርተፊኬት (የገጹ ማንነት ማረጋገጫ) ማስጠንቀቂያ ከመጣስ? ሰዓታችሁን እዩ። ትክክል ከሆነ «ቀጥል» የሚለውን አትንኩ፣ የይለፍ ቃልም አታስገቡ።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሞክር ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ኡኒ ፕሮብ (OONI Probe) ይባላል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። ከመሞከራችሁ በፊት ቪፒኤኑን አጥፉ፤ አለበለዚያ የምትለኩት የሌላ አገር ኢንተርኔት ነው። «አኖማሊ» (ያልተለመደ ነገር) ካላችሁ ጥርጣሬ ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም። ውጤቱ ከምትጠቀሙት ኔትወርክ ስም ጋር በይፋ ይለጠፋል፤ መሞከራችሁንም ኔትወርኩን የሚከታተል ሰው ሊያይ ይችላል። ያ የሚያሰጋችሁ ከሆነ አትጫኑት፤ ሌሎች የለኩትን ኡኒ ኤክስፕሎረር (OONI Explorer) በተባለው ድረ ገጽ ላይ የገጹን ስም ጽፋችሁ ማየት ትችላላችሁ።