ቁስለኛ ወታደር ይዛችሁ እንጦጦ ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ እሁድ ጠዋት ለስፖርት ይዛችሁት መውጣታችሁ ደግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አያያዙ ላይ ነው።

አንደኛ፣ አትዘኑለት። ሳይጠይቁ ዊልቸሩን ከኋላ መግፋት፣ «አይዞህ ጀግናዬ» እያሉ ትከሻውን መደባበስ፣ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ይቅር። ሰውየው እኮ ጦር ሲያዝ የነበረ መቶ አለቃ ሊሆን ይችላል! ምን መሞከር እንደሚፈልግ ራሱ ይምረጥ።

«ከእንግዲህ ስፖርት ለሱ አበቃ» ማለትም ስህተት ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ መንቀሳቀስ ሲያቅታቸው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. 16 የቆሰሉ ወታደሮችን በቀስት ያወዳደረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አበበም በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ኖርዌይ ሄዶ ደግሞ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድር አሸነፈ።

ዳገቱን አትናቁ። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድ ሰው ለዚያው መንገድ ከእናንተ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ለጀማሪ የሱሉልታ ሜዳ ይሻላል፤ በክረምት ግን ጭቃው የዊልቸር ጎማ ይይዛል።

ትልቁ ስህተት ቆዳን መርሳት ነው። በሰው ሠራሽ እግር ውስጥ የሚገባው፣ ከተቆረጠው የቀረው እግር ያልበዋል፣ ሲውል ያብጣል ወይም ይቀንሳል። መለዋወጫ ካልሲ ያዙ። በየመሃሉ ቁጭ ብሎ ሰው ሠራሹን ያውልቀው፣ የቀረውን እግር በደረቅ ፎጣ ይጥረገው፣ ቆዳውን ይየው። ቀይ ሆኖ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ካልጠፋ የዚያን ቀን ጉዞ አበቃ፤ «ትንሽ ብቻ ቀረን» ብሎ ነገር የለም። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ደግሞ ጫማው ቢያጠብቀው፣ ጠጠር ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከዊልቸሩ ላይ ከፍ ያድርግ። የአከርካሪው ጉዳት ደረቱ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ድንገት ራሱን ከፈለጠው፣ ፊቱ ከቀላና ካላበው አታስተኙት። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ቀበቶውን አላሉ፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ። ካልተሻለው በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት።

ከኋላው ድንገት አትጩሁ፣ አትንኩት። «ግንባር ላይ ምን አየህ?» የሚለውንም ጥያቄ ተዉት፤ ሲፈልግ ያወራል።

አንድ እሁድ ወስዶ መጥፋት ደግሞ ጭራሽ ካለመውሰድ ይከፋል። ቤት የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ትራንስፖርት ነው። የሚኒባስ ረዳት ዊልቸር ሲያይ ወንበሩ ባዶ ሆኖ «ሞልቷል» ይላል። ስለዚህ ከተራራው ሳትወርዱ የሚቀጥለው እሁድ በማን መኪና እንደምትመጡ ተነጋገሩ። የዊልቸሩንም ልክ ውሰዱ፤ የአንዳንዱ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ አያስገባውም።