ጽሑፍዎ ጆርናል ከገባ በኋላ፦ የአቻ ግምገማን እንዴት ማለፍ ይቻላል?

ጥናታዊ ጽሑፍ ከተላከበት ዕለት ጀምሮ ዕጣ ፈንታው ያለው በኤዲተሩ እጅ ነው። ገምጋሚዎች፣ ማለትም በመስኩ የሚሠሩ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። ስለዚህ ከጽሑፉ ጋር ለኤዲተሩ ከሚላከው የሽፋን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው መልስ የሚጽፉትን ሁሉ፣ ጊዜ ያጠረው ኤዲተር ሳይደክም እንዲያጣራው አድርገው ያዘጋጁ።

መጀመሪያ ፋይሉን የሚያየው የጆርናሉ ጽሕፈት ቤት ነው። የቃላቱ ብዛት ከገደብ አለማለፉን፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቁጥርና ፈቃዱን የሰጠው ኮሚቴ መጠቀሳቸውን፣ የጥቅም ግጭት መግለጫ መኖሩን ያያል። ጽሑፉንም በተመሳሳይነት መለኪያ ሶፍትዌር ያሳልፋል። ጽሑፉ ከመመረቂያ ጥናት የወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ጥናቱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ተጭኖ ከነበረ ሶፍትዌሩ ከራስዎ ሥራ ጋር ተመሳሳይ ነው ይላል። «ይህ ጽሑፍ ከማስተርስ መመረቂያ ጥናቴ የወጣ ነው» ብለው በሽፋን ደብዳቤው አስቀድመው ከገለጹ ጥርጣሬው ይቀራል።

ቀጥሎ ኤዲተሩ ወደ ገምጋሚ ይላክ ወይስ አይላክ ብሎ ይወስናል። ብዙ ጽሑፍ የሚመለሰው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ከጆርናሉ ወሰን ውጭ መሆኑ ወይም አዲስ ነገሩ አለመታየቱ ነው። በአንድ ወረዳ የተሠራ ጥናት ለዓለም አቀፍ ጆርናል ሲላክ ኤዲተሩ «ለሌላ አገር አንባቢ ምን ይጨምራል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በአብስትራክቱና በመግቢያው የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ማግኘት አለበት። ከተመለሰ ወዲያው ለሌላ ጆርናል መላክ ይቻላል። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ግን ከባድ የሥነ ምግባር ጥሰት ነው።

ደራሲውና ገምጋሚው እንዳይተዋወቁ በሚያደርግ ጆርናል ስምን ከርዕስ ገጹ መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። የዎርድ ፋይሉ መረጃ ውስጥ ስምዎ ሊኖር ይችላል፤ «ቀደም ባለው ጥናታችን እንዳሳየነው» የሚል ዓረፍተ ነገርም ማንነትዎን ያጋልጣል። የምስጋናው ክፍልና የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚገኝበት ዩኒቨርሲቲ ስም ለብቻው በሚጫነው የርዕስ ገጽ ላይ ይቀመጡ።

ጽሑፉ የሚላክበት የጆርናሉ የኦንላይን ሲስተም ገምጋሚ እንዲጠቁሙ ከጠየቀ አብረውዎት ያልጻፉ፣ በአንድ ተቋም የማይሠሩ ሰዎችን በተቋማቸው ኢሜይል ይጠቁሙ። ይህ መንገድ ክፉኛ ተበድሎበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሴጅ የተባለው አሳታሚ በሐሰተኛ የገምጋሚ ማንነቶች ምክንያት ከአንድ ጆርናል ብቻ 60 ጽሑፎችን ሰርዟል። በጂሜይል አድራሻ የተጠቆመ ሰው ዛሬ ኤዲተሮችን የሚያጠራጥረው ለዚህ ነው።

ኤዲተሩ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ገምጋሚ ይፈልጋል። ሥራው ክፍያ የለውም፤ የተጠየቁት ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ ወይም ዝም ይላሉ፤ መዘግየቱ በዋናነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሦስት ወር ካለፈ የጽሑፉን መለያ ቁጥር ጠቅሶ በአጭር ኢሜይል በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም።

መልሱን መጻፍ

በመጀመሪያው ዙር ያለ ማሻሻያ የሚያልፍ ጽሑፍ እምብዛም የለም። «ሜጀር ሪቪዥን» (ከፍተኛ ማሻሻያ ያስፈልገዋል) የሚል ደብዳቤ የመጣለት ሰው ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ ኤዲተሩ በሩን ክፍት አድርጎለታል። ደብዳቤውን አንብበው አንድ ሁለት ቀን ያሳድሩት፤ በንዴት የተጻፈ መልስ በየመስመሩ ያስታውቃል። የማሻሻያው ቀነ ገደብ የማይበቃ ከሆነ ከማለፉ በፊት ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ ካለፈ ጽሑፉ እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል።

የእያንዳንዱን ገምጋሚ አስተያየት ምንም ሳይቀንሱ ቃል በቃል ይገልብጡ፤ ቁጥር ይስጡት፤ ከሥሩ መልስዎን፣ የተለወጠውን ዓረፍተ ነገርና የገጽና የመስመር ቁጥሩን ይጻፉ። ቁጥሮቹ ለውጡ በምልክት ከሚታይበት ፋይል ይሁኑ ወይስ ምልክቱ ከጠፋለት ንጹሕ ፋይል ይግለጹ፤ የሁለቱ መስመሮች ስለማይገጥሙ ገምጋሚው የተባለውን ፈልጎ ያጣል። «ተስተካክሏል» ብቻ የሚል መልስ ግን ገምጋሚውን እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያነብ ያስገድደዋል።

በኅብረተሰብ ጤና ጥናቶች ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ እንይ፦ «የናሙናው መጠን እንዴት ተሰላ?» ብዙዎች 50% ስርጭት (የሚጠናው ችግር በሕዝቡ ውስጥ ያለው ድርሻ)፣ 95% የመተማመኛ ደረጃና 5% የስሕተት ህዳግ ወስደው 384 ያገኛሉ፤ መልስ ለማይሰጡ 10% ጨምረው 423 ይላሉ። ስሌቱ ትክክል ነው። ገምጋሚው የሚይዘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአካባቢው ቀደም ያለ ጥናት እያለ 50% ለምን ተወሰደ? ናሙናው በየደረጃው ከቀበሌ ወደ ቤተሰብ የወረደ ከሆነስ በአንድ ቀበሌ ያሉ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ መጠኑ ለምን በ1.5 ወይም በ2 አልተባዛም? መረጃው አንዴ ከተሰበሰበ ይህን ማረም አይቻልም። ስሌቱን ወደ ኋላ ተመልሶ ማስዋብ ማታለል ነው። ትክክለኛው መልስ ክፍተቱን ማመን፣ ትንተናው የክላስተሩን (በአንድ ቀበሌ በአንድነት የተመረጡ ሰዎች ስብስብ) ተጽዕኖ ከግምት እንዲያስገባ ማድረግና በጥናቱ ውስንነቶች ሥር በግልጽ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ሐቀኛ መልስ ብዙ ጽሑፍ ያድናል።

በአስተያየቱ ካልተስማሙ ማስረጃ አቅርበው በአክብሮት ይከራከሩ፤ ሁሉንም መቀበል ግዴታ አይደለም። ገምጋሚው የተሳሳተው ጽሑፍዎ ግልጽ ስላልነበረ ከሆነ፣ እያስረዱትም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩን ያስተካክሉ፤ ነገ ሌላ አንባቢም እንዲሁ ይሳሳታልና። ሁለት ገምጋሚዎች ተቃራኒ ነገር ከጠየቁ አንዱን መርጠው ምክንያቱን ለሁለቱም በሚሰጡት መልስ ላይ ያስፍሩ። ከርዕሱ ጋር የማይገናኙ የራሱን ሥራዎች እንዲጠቅሱ የሚጫን ገምጋሚ ካጋጠመዎ ጉዳዩን ለኤዲተሩ ለብቻው ይጻፉ።

ውድቅ ሲደረግ፣ ሲጸድቅ

ከግምገማ በኋላ ውድቅ ከሆነ አቤቱታ የሚያዋጣው ግልጽ የሆነ የፍሬ ነገር ስሕተት ሲኖር ብቻ ነው። ወደ ሌላ ጆርናል ከመሄድዎ በፊት አስተያየቶቹን ይሥሩባቸው፤ መስኩ ጠባብ በመሆኑ ያው ገምጋሚ እንደገና ሊደርሰው ይችላል፤ አንድም ነጥብ ሳይነካ ካየው ምሕረት የለውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ እናትማለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ግን ግምገማ አያደርግም። በእውነተኛው ጆርናል የኅትመት ክፍያ ካለ ኢትዮጵያ ለሚገኙ ደራሲዎች ብዙ አሳታሚዎች ነጻ ያደርጋሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ ሲላክ ነው፤ ከጸደቀ በኋላ ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም።

ከጸደቀ የኅትመት ናሙናው፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት ለመጨረሻ እርማት የሚላክልዎ ቅጂ፣ ይመጣል፤ ለማረም የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ጊዜ 48 ሰዓት ገደማ ነው። ከሁሉ አስቀድመው ስሞቹን ይመልከቱ። ሲስተሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ ደራሲ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ያስገባል፤ በሚቀጥለው ጽሑፍ ደግሞ ይገለብጡታል፤ ያኔ የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ስም ይበተናል። አንድ አጻጻፍ መርጠው ለተመራማሪዎች መለያ ቁጥር በሚሰጠው ኦርኪድ (ORCID) ይመዝገቡና እሱን ብቻ ይጠቀሙ። ቀጥሎ የሠንጠረዦቹን ቁጥሮች አንድ በአንድ ከመጀመሪያው ፋይል ጋር ያመሳክሩ፤ ከታተመ በኋላ የተገኘ ስሕተት የሚስተካከለው ጆርናሉ በይፋ በሚያወጣው የእርማት ማስታወቂያ ነው።