ልጃችሁ ለአመራር ስልጠና ወደ ሐዋሳ ሲሄድ

አዳማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪም ስለሆንኩ፣ ተማሪዎች ለወጣቶች የአመራር ጉባኤ ሲጠሩ ይዞ መሄዱ የእኔ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ የምንሄደው ሐዋሳ ነው። የጉዞው ቀን ሲቃረብ ወላጆች ይደውላሉ። «ምን ትያዝ? ከማን ጋር ነው የምታድረው? ስንት ብር ይበቃታል?» ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ለልጆቹም የምለው አለኝ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ልጁ የተጠራው አመራር ሊማር ነው። ልብሱን እናቱ ካጠፈችለት፣ ብሩን መምህሯ ከያዘችለት፣ ጠዋት ሌላ ሰው ከቀሰቀሰው፣ ይዞ የሚመለሰው ሰርተፍኬት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ራሱ ያድርገው። እናንተ አጠገቡ ሁኑ።

የእናንተ ድርሻ የሆነው ደብዳቤው ነው። የጥሪ ደብዳቤ ሁልጊዜ በጥድፊያ ነው የሚመጣው። ቢሆንም ሳታነቡ አትፈርሙ። አዘጋጁ ማን ነው? የት ያድራሉ? አጃቢ መምህር አለ? ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ደውሉና ጠይቁ። በተለይ የተሳታፊዎቹን ዕድሜ ጠይቁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በቤተሰብ ሕጉ ደግሞ 18 ዓመት ያልሞላው አካለ መጠን ያልደረሰ ነው። ስለዚህ የ15 ዓመት ልጃችሁና የ28 ዓመት ሰው ለአንድ ጉባኤ ሊጠሩ ይችላሉ። አዳራሽ ውስጥ አብረው መቀመጣቸው ጥሩ ነው፤ ይማማራሉ። መኝታ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ18 በታች ያሉት ለብቻቸው መመደባቸውን፣ ሴቶቹም ሴት አጃቢ እንዳላቸው በግልጽ ጠይቁ። አዘጋጁ በዚህ ጥያቄ ቅር ከተሰኘ ልጃችሁን አትላኩ። በዚህ አልደራደርም።

ልጆቹ የቀበሌ መታወቂያ ስለሌላቸው ሆቴል ላይ የተማሪ መታወቂያና ፎቶ ተለጥፎበት ማኅተም ያረፈበት የትምህርት ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል። ከእሱ ጋር የናንተ የፈቃድ ወረቀት ይኑር። አስም ካለበት፣ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት ካለ እዚያ ላይ ጻፉት። «ለመምህሯ በቃል ነግሬያታለሁ» አይበቃም፤ ሌሊት ሐኪም ፊት ስቆም የሚያስፈልገኝ ወረቀቱ ነው። የእናንተን፣ የአጃቢውንና የአዘጋጁን ስልክ ልጁ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ይያዝ። ባትሪ ያልቃል። የፖሊስን 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 ከሥሩ ይጨምርበት።

ብር ብዙ አትስጡ። የተወሰነው ቴሌብር ላይ ይሁን፣ የተወሰነው ዝርዝር ሆኖ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ለምን እንዳወጣው ይጻፍ፤ ሲመለስ ግን እንደ ኦዲተር አትመርምሩት።

ሻንጣው አንድ ብቻ ይሁን። ተሸክሞት ከሰፈሩ እዚሁ አዳማ እስካለው ፍራንኮ ድረስ በእግሩ መሄድ ካልቻለ ከብዷል ማለት ነው፤ ይቀንስ። ሐዋሳም እንደ አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀን ላይ ልብሱ ቀላል ይሁን። ማታ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ስላለ አንድ ሹራብ ይበቃል። ነጠላ ጫማ፣ ፎጣ፣ የራሱ ሳሙና። የባህል ልብስም ይያዝ፤ የመጨረሻው ምሽት ላይ መዝናኛ ብዙ ጊዜ ይኖራል፣ ያልያዘው ልጅ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሴት ልጅ ቀኗ ባይደርስም ሞዴስ ትያዝ። ለመንገድ ቆሎ ወይም በሶ ከምንም ይሻላል፤ ለሚጾመውም ለማይጾመውም ይሆናል።

መንገዱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ነው። የሚያስመልሰው ልጅ ከፊት ይቀመጥ፤ ጠዋት ወተትና ቅባት የበዛበት ነገር አይብላ፤ ሎሚና ፌስታል ይያዝ። መስኮት ይከፈት ሲል «ብርድ ይመታናል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። እንዲህ ሲሆን በትሕትና ግን ሳያፍር «እያመመኝ ነው፣ ትንሽ ክፈቱልኝ» ማለትን ቤት ውስጥ አለማምዱት። ትንሽ ነገር ይመስላል። በማያውቀው ሰው ፊት ለራሱ መናገር ያቃተው ልጅ አዳራሽ ውስጥም ያው ነው። ጆሮው ላይ ያለውንም ነገር ያውልቅና ውጭውን ይመልከት። ባቱ ሲደርሱ ዝዋይ ሐይቅ በግራ ነው። ወደፊት ሲሄዱ ላንጋኖ በግራ፣ አቢያታ በቀኝ ነው። በጂኦግራፊ ያስተማርናቸው ስምጥ ሸለቆ ይኸው ነው።

አሁን ለእናንተ ልጆቼ።

ሐዋሳ ስትደርሱ ሐይቁ ይጠራችኋል። ዳርቻው ላይ ተንሸራሸሩ፣ ዋና ግን የለም። ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ መብላት ትፈልጋላችሁ፤ እኔም እወዳለሁ። የተጠበሰውን ብሉ። ጥሬውን ቤተሰብ አብሯችሁ ያለ ጊዜ አድርጉት፤ ነገ ጠዋት ስብሰባ አላችሁ። ማታ አጎበሩን ፍራሹ ሥር በደንብ አስገቡት፣ ወባ አለ። ባጃጅ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፤ ከመሸ ለብቻችሁ አትውጡ።

አዳራሽ ውስጥ ከአዳማ የመጣችሁት በአንድ ረድፍ አትደርደሩ። ተበታተኑ። የመጀመሪያው ሻይ ዕረፍት ሳያልፍ ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ሰው ተዋወቁ፤ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ክበብ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁት። ከአሰልጣኙ የማትሰሙትን ከእሱ ትሰማላችሁ።

የቡድን ውይይት ላይ የማየውን ልንገራችሁ። ትልቁ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ማርከር ይመጣል። «ጽሕፈትሽ ያምራል፣ አንቺ ጻፊ» ይባላል። ልጅቷ ተንበርክካ ትጽፋለች። የተበታተነውን ሐሳብ ሰብስባ አራት ነጥብ የምታደርገው እሷ ናት። ከዚያ «ማን ያቅርብ?» ሲባል ውይይቱ ላይ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ልጅ ይነሳና ያነባል። ጭብጨባው ለእሱ ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሴት ልጆቼ፣ ማርከሩን ስትቀበሉ «እጽፋለሁ፣ አቀርባለሁም» በሉ። መጀመሪያውኑ በሉት፣ በኋላ ይረፍዳል። ወንዶች ልጆቼ፣ ይህን ስታዩ ዝም አትበሉ፤ «የጻፈችው ታቅርብ» የምትሉት እናንተ ሁኑ።

ጥያቄ ስትጠይቁ ስማችሁንና ከየት እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ ከዚያ በቀጥታ ጠይቁ። «መድረኩን ላዘጋጃችሁልን በቅድሚያ...» እያላችሁ ደቂቃውን አትጨርሱት። ጥያቄያችሁን ማታውኑ ደብተር ላይ ካዘጋጃችሁት ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ሐሳቡ አይጠፋባችሁም።

የውሎ አበል ካለ ፎርም ይመጣላችኋል። የብሩ መጠን ያልተሞላበት ፎርም ላይ አትፈርሙ። የተጻፈውና እጃችሁ የገባው ልዩነት ካለው ሳትፈርሙ ለአጃቢ መምህራችሁ ንገሩ። «ሁሉም ፈርሟል» የሚል ታላቅ ሰው ቢመጣም አትፍሩ፣ እኔ አለሁ። ማንኛውም ሰው ለብቻችሁ ክፍሉ ቢጠራችሁ፣ ያለ ምክንያት ቢነካካችሁ፣ በማታ መልእክት ቢያበዛባችሁም እንዲሁ። የትኛውም ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩ።

ወላጆች፣ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ደውሉ፤ በየሰዓቱ አትደውሉ። ሲመለስም «እንዴት ነበር?» ስትሉት «አሪፍ ነበር» ብሎ ይተኛል። በማግስቱ «ከማን ጋር ተዋወቅክ? ያልተስማማህበት ነገር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ያን ጊዜ ወሬው ይመጣል። እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ማይኩን እሰጣቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ አላቸው፦ የሰሙትን አንድ ነገር፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሊሠሩት ያሰቡትን አንድ ነገር፣ የሚጀምሩበትን ቀን፣ አብረዋቸው የሚሠሩ ሁለት ተማሪዎችን ስም። ሁለቱን ተማሪዎች ከሰኞ በፊት አነጋግረው ይምጡ።