የፅንስን የቆዳ በሽታ በአልትራሳውንድ ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃርለኩዊን ኢክቲዮሲስ የተባለው ከባድ የቆዳ በሽታ በቤተሰቡ ታይቶ እያለ፣ በ20ኛው ሳምንት ምርመራ ብቻ ተመሥርቶ «ፅንሱ ጤነኛ ነው» ብሎ መጻፍ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። አልትራሳውንድ የቆዳውን በሽታ በቀጥታ አያሳየንም፤ የሚያሳየን የደደረው ቆዳ ፊትን፣ እጅንና እግርን እየሳበ ያደረሰውን ጉዳት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚጎላው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። እኔም ይህን ስህተት ፈጽሜዋለሁ። የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በሦስተኛው ቀን የሞተባት እናት «ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር» ብላ ነግራኝ ሳለ፣ ልኬቱ ሁሉ ትክክል ስለነበረ አጽናንቼ ሸኘኋት። በ31ኛው ሳምንት ስትመለስ ሃያ ደቂቃ ያህል ፊቱን ስከታተል አፉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተከደነም፤ ከንፈሮቹ ወፍረው ወደ ውጭ ተገልብጠዋል፣ አፍንጫው ተደፍጥጧል፣ ጣቶቹ እንደተጨበጡ ቀርተዋል። «ዶክተር፣ ባለፈው ደህና ነው ብለውኝ አልነበረም?» አለችኝ።

ለእንዲህ ያለች እናት ቀዳሚው ምርመራ የዘረ መል ነው። ኤቢሲኤ12 የተባለው ጂን የበሽታው መነሻ መሆኑ በ2005 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ የቤተሰቡ የጂን ለውጥ አስቀድሞ ከተለየ፣ ከ10ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ከእንግዴ ልጅ፣ ከ15ኛው ሳምንት ወዲህ ደግሞ ከሽርት ውሃ በሚወሰድ ናሙና መልሱ ይገኛል። የሞተው ሕፃን የደም ናሙና ሳይቀመጥለት ከተቀበረ ግን ሥራው ከእናትና ከአባት ደም እንደገና ይጀመራል፤ እርግዝናው ደግሞ አይጠብቅም።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው» ሲሉን ጥያቄውን መዝጋትም ስህተት ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎችም ይህንኑ ጂን ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ከተሸከሙት በእያንዳንዱ እርግዝና ፅንሱ በበሽታው የመያዝ ከአራት አንድ ዕድል አለው።

አንድ የቆመ ምስል አይበቃም፤ ጤነኛ ፅንስም አፉን ይከፍታልና መከደኑን ጠብቃችሁ እዩ።

በሽርት ውሃው ውስጥ ብናኝ ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የተለመደ ነው። ቀደም ብሎ ከታየ፣ ውሃው ከበዛና የፅንሱ ጨጓራ ከተነፋ ግን ቆዳ የሚላጥበትን ኤፒደርሞሊሲስ ቡሎሳ አስቡ።

በመጨረሻም፣ ወላጆችን «አይተርፍም» ብላችሁ አትሸኙ። ዛሬ በጽኑ ሕክምናና ሬቲኖይድ በተባለ የቫይታሚን ኤ ዝርያ መድኃኒት የሚያድጉ ልጆች አሉ፤ ስለዚህ መውለጃው ቦታ ሙቀትና እርጥበት የሚሰጥ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለበት እንዲሆን ከወዲሁ አመቻቹ።