ለኤሊ ማደሪያ ተስማሚ ጉዝጓዝ እንዴት ይመረጣል?

የየብስ ኤሊ ሆዷን መሬት ላይ አሳርፋ የምትውል፣ ሲሞቃትም ሲበርዳትም አፈር ውስጥ የምትቀበር እንስሳ ናት። በመሆኑም ማደሪያዋ ውስጥ ለሚጎዘጎዘው ነገር ከሙቀት አምፖሉና ከምግቧ ያላነሰ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። እኔ ይህን የተረዳሁት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የኤሊዋን ዝርያ በእርግጠኝነት ይለዩ። የግሪክ ኤሊና የኸርማን ኤሊ የሜዲትራንያን አካባቢ እንስሳት ስለሆኑ ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ግን ጥቂት እርጥበት የያዘ አፈር ይስማማቸዋል። የደቡብ አሜሪካዋ ቀይ እግር ኤሊ በአንጻሩ ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ የአየር እርጥበት ትፈልጋለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሱልካታ በምትባለው የአፍሪካ ኤሊ ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ካለው ደረቅ ምድር የመጣች ናትና ደረቅ አሸዋ ይበቃታል ተብሎ ይታሰባል፤ እኔም ገና የተፈለፈለች ሱልካታ ያሳደግሁት በዚሁ እምነት ነበር። ዓመት ሳይሞላት ጀርባዋ ላይ ያለው ጠንካራ ልባስ ጉብ ጉብ እያለ እንደ ፒራሚድ ተቆለለ፤ እንዲህ የተቆለለ ልባስ ደግሞ ተመልሶ አይስተካከልም። ለካ ሱልካታ በተፈጥሮ የቀኑን ሐሩር የምታሳልፈው ራሷ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በጉድጓዱ ያለው አየርም ከውጭው ይልቅ እርጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሱልካታ ጫጩቶች ላይ የታተመ ጥናትም ለልባሱ መቆለል ከምግብ ፕሮቲን ይልቅ የአየር እርጥበት ማነስ የበለጠ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል።

ቀጥሎ የማይሆኑትን ያስወግዱ። ጠጠርና ብቻውን የተነጠፈ አሸዋ ከምግብ ጋር ተውጠው አንጀት ሊዘጉ ይችላሉ። እንደ ጥድ ያሉ ሽታቸው ኃይለኛ የሆኑ እንጨቶች ሰጋቱራ የሚያወጣው ዘይት የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። ከአልፋልፋ የሚሠራው እንክብል ንጹሕ ይመስላል፤ ውኃ ሲነካው ግን በጥቂት ቀናት ይሻግታል። ለስላሳ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ለማጽዳት ስለሚቀል የሚያሞግሱት አሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን የሚመቸው ለባለቤቱ እንጂ ለኤሊዋ አይደለም፣ መቆፈር አትችልበትምና።

ለአብዛኞቹ ዝርያዎች እኔ የምመርጠው ማዳበሪያም ሆነ ፀረ ተባይ ያልገባበት አፈር ስድስት እጅ፣ የኮኮናት ቃጫ ደግሞ አራት እጅ የተደባለቀበትን ነው። አፈሩን ሲገዙ ነጫጭ ፍሬዎች እንደሌሉበት ያረጋግጡ፤ ለአትክልት ተብለው የሚጨመሩ ናቸው፣ ኤሊዎች ግን እንደ ምግብ ይለቅሟቸዋል። ለደን ዝርያዎች ከላይ የዛፍ ቅርፊት ይጨመርበታል። ድብልቁን ኤሊዋ ሙሉ በሙሉ ልትቀበርበት እስክትችል ድረስ ያፍስሱት፤ ለትንንሾቹ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ላደጉት ከ15 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

አስቸጋሪው ሥራ እርጥበቱን መጠበቅ ነው። ከመጀመሪያው ስሕተቴ ተምሬያለሁ ብዬ ጉዝጓዙን ጠዋትና ማታ በመርጫ አርስ ነበር። ውጤቱም ላዩ ዘወትር እርጥብ፣ ሁለት ጣት ዝቅ ሲባል ግን አቧራ የሆነ ጉዝጓዝ ነበር። ኤሊዋ የምትተኛው ላዩ ላይ ነውና በሆዷ በኩል ያለው ልባስ ነጫጭ ምልክት አወጣ፣ ለሰሰ፣ መጥፎ ሽታም አመጣ። ሐኪሙ የልባስ መበስበስ እንደሆነ ነገረኝ፤ እስኪድንም ሳምንታት ፈጀ። የሚፈለገው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ።

ይህን ለማግኘት ለብ ያለ ውኃ በማደሪያው ማዕዘኖች በኩል በቀስታ ያፍስሱ። ውኃው ወደ ታች ወርዶ ከሥር ይሰራጫል፤ አምፖሉ ላዩን ሲያሞቀው ደግሞ እርጥበቱ ቀስ እያለ በተን ወደ አየር ይወጣል። ማደሪያው ከእንጨት ከሆነ አስቀድሞ ወለሉ ላይ ውኃ የማያሳልፍ ላስቲክ ማንጠፍ ያስፈልጋል። መጠኑን ለማወቅ ከሥር አንድ እፍኝ አውጥተው በጡጫዎ ይጭመቁት። ቅርጹን ከያዘና ውኃ ካላንጠባጠበ ልክ ነው፤ ከተበተነ ውኃ ይጨመርበት፤ ካንጠባጠበ እስኪጠፈጥፍ ይቆይ። የእርጥበት መለኪያውን ግድግዳው አናት ላይ ሳይሆን ኤሊዋ በምትተነፍስበት ከፍታ ያስቀምጡት። ሌሊት ሙቀቱ በጣም የሚወርድ ከሆነ ግን ውኃውን ይቀንሱ፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ የሳንባ ሕመም ያስከትላሉና።

ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ማንሳት፣ አልፎ አልፎ ድብልቁን ማገላበጥ፣ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩም ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ምግቡ አፈር እንዳይዝ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቅረብ። አዲስ የመጣች ወይም የታመመች ኤሊ ግን ለጊዜው ከዚህ ሁሉ ነጻ ናት፤ ዓይነ ምድሯንና የሰውነቷን ሁኔታ በግልጽ ለማየት እንዲቻል ጉዝጓዟ ነጭ ወረቀት ይሁን፤ በየቀኑም ይቀየር።