በጣና ገዳማት መጻሕፍት የድሮ የመሬት ሙግት እንዴት ይነበባል?

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የባለመሬትና የአራሽ ክርክር ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚያጠና መነሻው ብዙ ጊዜ የወንጌል ኅዳግ ነው፤ የመሬት ውል በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ቦታ ላይ ይጻፍ ነበርና። ገበዙን (የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ጠባቂ) አስቀድመው ያስፈቅዱ። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡበትም፤ የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናት።

መጀመሪያ ዘመኑን ያውጡ። ጸሐፊው «በዘመነ ማርቆስ» ብሎ ዓመቱን ሊተወው ይችላል። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ንጉሡ ዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860) ከሆኑ፣ ማርቆስ 1850፣ 1854 ወይም 1858 ብቻ ነው።

ከዚያ የመብቱን ዓይነት ይለዩ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባለጉልት ግብር ተቀባይ እንጂ የርስቱ ባለቤት አይደለም፤ ከእሱ ጋር የተነሣ ጠብ የኪራይ ክርክር አይባልም። «እኩል» (የምርቱ ግማሽ) ወይም «እርቦ» (ሩብ) ካገኙ የአራሽ ውል ሊሆን ይችላል። ዘሩንና በሬውን ማን እንዳቀረበ ይፈልጉ፤ ድርሻው ከዚያ ጋር ይያያዛል። በሙግቱ መሐል ማር ወይም በቅሎ ቢጠቀስ ኪራይ እንዳይመስልዎ። ተሟጋቾች የተወራረዱበት ነው፤ የሚከፍለውም የተረታው ነው።